ማማው ላይ ማን አለ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። 

ማሽላ በሚዘራበት ቆላ ያደገ ሰው ማማን ያውቀዋል። ማሳው መሐል እንጨት ይተከላል፣ ከላዩ ይረበረብና አንድ ልጅ ወንጭፉን ይዞ ይወጣበታል። ሥራው መቀመጥና ማየት ብቻ ይመስላል። ግሪሳ ወይም ዝንጀሮ የመጣ ዕለት ግን የቤተሰቡ የዓመት ቀለብ መትረፍና መጥፋት በዚያ ልጅ ዓይን ላይ ይንጠለጠላል። ልጁ ከተኛ ሰብሉ ይበላል። ምንም ሳያይ እየጮኸ ጎረቤቱን ደጋግሞ ካስሮጠ ደግሞ እውነተኛው መንጋ በመጣ ቀን የሚደርስለት አያገኝም።

ስለ ማማ እንድጽፍ ያደረገኝ የአንድ ወጣት ጥያቄ ነው። ከድሮ የአሜሪካ ዘፈኖች አንዱ ስለ መጠበቂያ ግንብ እንደሚያወራ ሰምቶ፣ «ኡስታዝ፣ ይሄ ነገር ሃይማኖታዊ ትርጉም አለው እንዴ?» አለኝ። መንገድ ላይ በሚታደል የአንድ ሃይማኖት መጽሔት ስም ላይም ያው ግንብ መኖሩን አስተውሏል። ጥያቄው ጥሩ ነው። ስለ ሙዚቃ ሑክም ዑለሞች ያሉትን ታውቃላችሁ፤ ዛሬ እዚያ ውስጥ አልገባም። ነገሩ ግን ከዘፈን የሚያልፍ፣ እያንዳንዳችን እጅ ላይ ካለው ስልክ ድረስ የሚደርስ ሆኖ ስላገኘሁት በሰፊው ልጽፍበት ወደድኩ።

ዘፈኑና ከኋላው ያለው ራእይ

ዘፈኑ «ኦል አሎንግ ዘ ዋችታወር» ይባላል። የጻፈው ቦብ ዲላን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በአልበም ወጣ። በዓመቱ በ1968፣ የቬትናም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ ጂሚ ሄንድሪክስ በኤሌክትሪክ ጊታር እንደገና ሠራውና ዓለም ይበልጥ ያወቀው በእሱ ነው። በዘፈኑ ውስጥ መውጫ የጠፋባቸው ሁለት ሰዎች ያወራሉ። ግንብ ላይ ያሉ መኳንንት አሻግረው ይጠብቃሉ። መጨረሻ ላይ ሁለት ጋላቢዎች ከሩቅ ይታያሉ፤ ዘፈኑም እዚያው ያልቃል። ማን ናቸው? ይዘው የመጡት መልካም ነው ክፉ? አይነገርም።

ዲላን ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። ዘፈኑን የተነተኑ ብዙዎች ምስሉ የመጣው ከኢሳይያስ መጽሐፍ 21ኛው ምዕራፍ እንደሆነ ይስማማሉ። በዚያ ምዕራፍ አንድ ጠባቂ ማማ ላይ ይቆማል፤ ጥንድ ጥንድ ጋላቢዎችን ያያል፤ በአህያ የሚጋልብ፣ በግመል የሚጋልብ። ከዚያ ባቢሎን ከነጣዖቶቿ መውደቋ ይነገራል። ጥቂት ዝቅ ብሎ ንግግሩ ወደ ዐረቦች ምድር ይዞራል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችሁ የማታውቁት ነገር አለ። የእኛ ዑለሞች ስለዚህ ምዕራፍ የጻፉት ዲላን ከመወለዱ ከሺህ ዓመት በላይ አስቀድመው ነው። በሦስተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የኖረው ኢብን ቁተይባ፣ ኋላም ኢብኑ ተይሚያና ሌሎች፣ የአህያው ጋላቢ ነቢዩ ዒሳ (ዐ.ሰ)፣ የግመሉ ጋላቢ ደግሞ ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ናቸው በማለት አስረድተዋል። ክርስቲያን ወገኖቻችን በዚህ አይስማሙም፤ ያ የሚጠበቅ ነው። እኛም የነቢያችንን እውነተኝነት ለማወቅ ቁርኣን ይበቃናል፤ ቁርኣናችን ያላረጋገጠውንና ያልነቀፈውን የአህለል ኪታብ ወሬ አናጸድቅም አናስተባብልምም። እኔ ማንሣት የፈለግሁት ሌላ ነገር ነው። ዘፈኑ የሚያቆመው የጠባቂው ሥራ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። የሆነ ነገር እየመጣ ነው ብሎ ሰውን በፍርሃት አንጠልጥሎ ይተወዋል። ሃይማኖት ግን ጠባቂውን ሦስት ነገር ይጠይቀዋል። ምን አየህ? እርግጠኛ ነህ? ሰዎቹስ ምን ያድርጉ?

የፊርዐውን ግንብና የአላህ ጥበቃ

ቁርኣን ከፍ ያለ ሕንፃን ሁሉ አያወድስም። ፊርዐውን ሃማንን ጭቃ አቃጥለህ ረጅም ግንብ ሥራልኝ ያለው (28፥38) የሙሳን ጌታ ወጥቼ ልይ በሚል ትዕቢት ነው። ነቢዩ ሁድም ሕዝቦቻቸውን ዐድን በየኮረብታው ለከንቱ ጨዋታ በምትገነቡት ምልክት ምን ትፈልጋላችሁ ሲሉ ወቅሰዋቸዋል (26፥128)። በሱረቱ ኒሳእ ደግሞ በጠንካራ ግንብ ውስጥ ብትሆኑ እንኳ ሞት ያገኛችኋል ተብሏል (4፥78)። ለመታየት የተሠራ ከፍታ አለ፤ ለማየት የተሠራ ከፍታም አለ። ፊርዐውን የወጣው እንዲታይ ነው። የማሽላው ልጅ የሚወጣው እንዲያይ ነው።

ሱረቱል ፈጅርን አስተውላችኋል? ስሙ «ንጋት» ነው። ባለ ምሰሶዋን ኢረም የገነቡትን ዐድን ይጠቅሳል፣ ቋጥኝ የጠረቡትን ሰሙድን ይጠቅሳል፣ ፊርዐውንን ይጠቅሳል። ግንበኞች ሁሉ ከተዘረዘሩ በኋላ ጌታህ በ«ሚርሷድ» ላይ ነው ይላል (89፥14)። ሚርሷድ ማለት መጠበቂያ፣ መቃኛ ቦታ ነው። እነሱ ግንብ ላይ ወጥተው ሰውን ቁልቁል ሲያዩ፣ ከበላያቸው የሚያያቸው ነበር። ከአላህ ስሞች አንዱ «አር-ረቂብ» ነው። በዐረብኛ የመጠበቂያ ማማ «መርቀብ» ይባላል፤ ሁለቱም ከአንድ ሥር ናቸው። ማማ ላይ የወጣ ሙእሚን መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ይሄንን ነው። ጠባቂውም ይጠበቃል።

ከሶፋ ተራራ ላይ

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የቅርብ ዘመዶችህን አስጠንቅቅ የሚለው አንቀጽ ሲወርድላቸው ያደረጉትን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ሶፋ ላይ ወጥተው «ያ ሰባሓህ!» ብለው ተጣሩ። ይህ በዐረቦች ዘንድ የጠባቂ ጩኸት ነው። ጠላት ጎሕ ሲቀድ ሊመታ መጣ፣ ተነሡ ማለት ነው። ቁረይሾች ተሰበሰቡ፤ መምጣት ያልቻለው እንኳ ምን እንደተፈጠረ እንዲያይለት ሰው ላከ። እሳቸውም ከዚህ ተራራ ግርጌ ፈረሰኛ ሊወጣባችሁ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ ወይ አሏቸው። አዎ፣ ከአንተ ውሸት ሰምተን አናውቅም አሉ። ከኋላ አቡ ለሀብ ሰደበ፤ ብዙዎቹም አላመኑም። ነገር ግን ያ ምስክርነት ከአፋቸው ወጥቷል።

ወንድሜ፣ ይህን ቁም ብለህ አስበው። ነቢያችን ያንን ጩኸት ያሰሙት ስለ እውነተኝነታቸው ሰው ለአርባ ዓመት ከመሰከረላቸው በኋላ ነው። «አል-አሚን» የተባሉት ከተራራው በፊት ነው። የማማው ቁመት በእንጨቱ ቢለካም የጠባቂው ቁመት የሚለካው ሲያምኑት ነው። በሌላ ሐዲስ ራሳቸውን የጠላት ጦር በዓይኑ አይቶ ልብሱን ጥሎ ወገኑን ሊያስጠነቅቅ በሚሮጥ ሰው መስለዋል። ልብሱን የጣለው እዩኝ ለማለት አይደለም፤ ቸኩሎ ነው፣ ለሰዎቹ ሳስቶ ነው።

ሁለቱ ሙአዚኖች

መዲና ላይ የነቢዩ መስጂድ ሚናራ አልነበረውም። «መናራ» የሚለው ቃል ራሱ የብርሃን ወይም የእሳት ቦታ ማለት ነው፤ የእስክንድርያው የባሕር መብራት ግንብ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ለመስጂድ ሚናራ መሥራት የመጣው ኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የነበረው የአንዲት የበኒ ነጃር ሴት ቤት ነው፤ በመስጂዱ ዙሪያ ካሉ ቤቶች ረጅሙ ስለነበር ቢላል (ረ.ዐ) የሱብሒን አዛን የሚለው ጣሪያው ላይ ሆኖ ነበር። አቡ ዳውድ በዘገቡት መሠረት፣ ያቺ ሴት እንዲህ ብላ ተርካለች፦ ሌሊት መገባደጃ ላይ ይመጣል፣ ጣሪያው ላይ ቁጭ ብሎ ንጋቱን ይቃኛል፣ ጎሑን ሲያይ ይንጠራራል፣ አላህን ያመሰግናል፣ ለቁረይሾች ዱዓ ያደርጋል፣ ከዚያ አዛን ይላል። ይህን ዱዓ አንድም ሌሊት ሲተው አላየሁትም አለች።

ሱብሓነላህ! ለማን ነው ዱዓ ያደረገው? በመካ አሸዋ ላይ ድንጋይ ለጫኑበት ሰዎች። ሐበሻው ቢላል የኢስላም የመጀመሪያው የንጋት ጠባቂ ነው፤ ከማማው ላይ ሆኖ ጠላቶቹን ሲያይ ከአፉ የሚወጣው ዱዓ ነበር። ዛሬ እኛ ስልካችንን ከፍተን ያልወደድነውን ሰው ስናይ ከአፋችን፣ ከጣታችን የሚወጣው ምንድን ነው?

ሁለተኛው ሙአዚን ኢብን ኡሚ መክቱም (ረ.ዐ) ነው። ዓይነ ስውር ነበር። ጎሕ መቅደዱን ራሱ አያይም። ታዲያ ምን ያደርግ ነበር? ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ያዩ ሰዎች ነጋ፣ ነጋ እስካላሉት ድረስ አዛን አይልም ነበር። ቢላል ሌሊቱ ሳያልቅ ይጣራል፤ ጿሚዎች ግን መብላት የሚያቆሙት ኢብን ኡሚ መክቱም ሲጣራ ነበር። አያችሁ? የአንድ ከተማ ሙስሊም ጾም የተንጠለጠለው ማየት በማይችል ሰው ድምፅ ላይ ነበር፤ ሰውም በእርሱ ላይ ይተማመን ነበር፤ ምክንያቱም ሳይጠይቅ አይጮኽም።

እኔ እንደማምነው በስልክ ዘመን ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለም። እኛ ስልክ ፊት ስንቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ ኢብን ኡሚ መክቱም ነን። ሌላ ከተማ የተፈጠረውን በዓይናችን አላየንም። አለማየት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳያዩም ሳይጠይቁም አዛን ማለት ነው። ቢላል አይቶ ይጣራል። ኢብን ኡሚ መክቱም ጠይቆ ይጣራል። ሦስተኛ ዓይነት ሙአዚን በነቢዩ መስጂድ አልነበረም። ዛሬ ግን ከተማውን የሞላው ሦስተኛው ነው።

ሪባጥ፦ እስረኛ የሚያስፈታ ማማ

በሱረቱ አሊ ዒምራን የመጨረሻ አንቀጽ (3፥200) አላህ ምእመናንን ትዕግሥትን፣ በትዕግሥት መብለጥንና «ሙራበጣን» ያዛቸዋል። ቃሉ ፈረስን ከማሰር የመጣ ነው፤ በድንበር ላይ ፈረሱን አስሮ ነቅቶ የሚጠብቅ ሰው «ሙራቢጥ» ይባላል፣ ቦታው «ሪባጥ»። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ የአንድ ቀንና ሌሊት ሪባጥ ከአንድ ወር ጾምና የሌሊት ሶላት እንደሚበልጥ ተነግሯል።

ከዚህ ትምህርት ሕንፃ ወጣ። በቱኒዚያዋ ሙነስቲር ከተማ በ180 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 796) የዐባሲዮች አገረ ገዥ ሀርሰማ ኢብን አዕየን ያሠራው ሪባጥ ዛሬም ባሕሩን እያየ ቆሟል። ከእሱ ብዙም በማይርቀው ሱሳ ያለው ሪባጥ ማማ በ206 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 821) ተሠራ። የሱሳውን ብትገቡ ታች በግቢው ዙሪያ ትናንሽ ክፍሎች ታያላችሁ፤ ጠባቂዎቹ የሚያድሩባቸው ናቸው። ላይ መስገጃ አለ። ጥጉ ላይ ክቡ ማማ ይነሣል። ማታ የሚቃኝ ሰው ሌሊት የሚሰግድ፣ ቀን የሚቀራ ሰው ነበር። የሞሮኮ ዋና ከተማ ራባት ስሟን ያገኘችው ከ«ሪባጡል ፈትሕ» ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ሞሮኮንና አንደሉስን የገዙት «አል-ሙራቢጡን» ስማቸው ከዚሁ ሥር ነው። እስፓኞች ዛሬም መጠበቂያ ማማን «አታላያ» ይሉታል፤ የዐረብኛ ቃል ነው፣ ቀድሞ የሚቃኝን ጓድ ከሚሉበት ቃል የመጣ።

ከሁሉም ልቤን የነካው ግን በ4ኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የኖረው፣ የቁድስ ተወላጅ የሆነው አል-ሙቀደሲ ስለ ፍልስጤም ባሕር ዳርቻ የጻፈው ነው። ከጋዛ፣ ከዐስቀላን፣ ከያፋ፣ ከአርሱፍ ወደቦች ጋር የተያያዙ ሪባጦች ነበሩ። የሩም መርከቦች የተማረኩ ሙስሊሞችን ጭነው ለመሸጥ ይመጣሉ፤ ሦስቱ ሰው በመቶ ዲናር። በየሪባጡ የእነሱን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። መርከቦቹ ከሩቅ ሲታዩ ሌሊት ከሆነ ማማው ላይ እሳት ይነዳል፤ ቀን ከሆነ ጭስ ይጨሳል። ከማማ ወደ ማማ ምልክቱ እየተቀባበለ ዋናው ከተማ ረምላ ይደርሳል። እዚያም ማማው ላይ ከበሮ ይመታል፤ ሕዝቡ ወደዚያ ሪባጥ ይጠራል። ሰውም እንደ አቅሙ ይወጣል፤ አቅም ያለው አንድ ሰው ገዝቶ ነጻ ያወጣል፤ ሌላው ዲርሀሙን፣ ሌላው ቀለበቱን ይጥላል፤ እስረኞቹ ሁሉ እስኪዋጁ ድረስ።

ስለ ሙዚቃ ለጠየቀኝ ወንድሜ፣ በታሪካችን ማማ ላይ የተመታው ከበሮ ይሄ ነው። ሰው ሰምቶት ለበቀል አልሮጠም፤ የሮጠው ቀለበቱን አውልቆ ሊሰጥ ነው። የዚያ ማማ እሳት አንድም ቤት አላቃጠለም፤ እስረኛን ወደ እናቱ መለሰ። አንድ የጥሪ ምልክት ትክክለኛ መሆኑን በምን እናውቃለን ቢባል መለኪያዬ ይህ ነው። ጥሪው ሲሰማ ማን ዳነ?

ወደ ውስጥ የሚያይ ማማ

ስለ ገበያና ስለ ከተማ ሥርዓት የተጻፉ የሒስባ ኪታቦች ውስጥ ለሙአዚን የተደነገገ አንድ ነገር አለ። ሚናራ ላይ ሲወጣ ዓይኑን ከሰዎች ቤት እንዲሰብር፣ ሙሕተሲቡም በዚህ ላይ ቃል እንዲያስገባው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከሚናራ ላይ የጎረቤት ግቢ ይታያል፤ ሴቶች ሻሽ አውልቀው ሊሆን ይችላል፣ ባልና ሚስት ተጣልተው ሊሆን ይችላል። ሙአዚኑ ከፍታ የተሰጠው ሰማይን እንዲያይበት እንጂ ግቢ እንዲያይበት አይደለም።

ማማ ፊቱ ወደ ውጭ ነው። ወደ ውስጥ የዞረ ዕለት ስሙ ስለላ ይሆናል፤ አላህም በሱረቱል ሑጁራት (49፥12) መሰለልንና ማማትን በአንድ አንቀጽ ከልክሏል። ዛሬ ወጣቱ የእህቱን የግል መልእክት ስክሪንሹት አንሥቶ ሲለጥፍ፣ የኡስታዝን ሰላሳ ሰከንድ ንግግር ከአንድ ሰዓት ደርስ ቆርጦ አዋርዱልኝ ሲል፣ ኡማውን እየጠበቅሁ ነው ይላል። ያ ጥበቃ አይደለም። ከሚናራ ላይ ሆኖ የጎረቤትን ግቢ ማየት ነው።

የዛሬው ማማ

ድሮ ማማ ላይ የሚወጣው ተመርጦ ነበር። ዛሬ ስልክ የያዘ ሁሉ ወጥቷል። ቴሌግራም ቻናል የከፈተ፣ ቲክቶክ ላይ ቀጥታ የገባ፣ እያንዳንዱ «ያ ሰባሓህ» እያለ ነው። ሌላ አገር የተነሣ፣ ዓመታት ያለፉት ፎቶ ይለጠፋል፤ «አሁን የደረሰን» ይባላል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሺዎች ይቀባበሉታል። ነገ ውሸት ሆኖ ሲገኝ ለጣፊው ዝም ብሎ ያጠፋዋል። የተቆጣውን ልብ ግን ማን ያጠፋዋል?

ይህ የስሜት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልጽፍም ነበር። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም ሞጣ ከተማ ላይ መስጂዶች ሲቃጠሉ በወቅቱ እንደተዘገበው ከጥቃቱ በፊት በአንድ ቤተ ክርስቲያን እሳት ተነሣ የሚል ወሬ ተሰራጭቶ ነበር። ማንም ቆሞ ሳያጣራ የተሰማ የማንቂያ ጩኸት የአላህን ቤቶች አነደደ። እኛ በዚያ የተጎዳን ሕዝብ ነን። ታዲያ ያቃጠለንን እሳት መልሰን እኛ ስንጭረው ከማን ምን ተማርን?

አንዳንድ ወንድሞች «ታዲያ ግፍ ሲፈጸም ዝም እንበል? ዝም ያልነው አይበቃም?» ይላሉ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው። ጠባቂ አይቶ ዝም ካለ ከዳ። ሞጣ ላይ የተቃጠለው በእርግጥ ተቃጥሏል፤ መጮህ ግዴታ ነበር፤ ሕዝቡም ጮኸ። ግን እውነተኛው ጩኸት እንዲታመን ከፈለግህ የውሸቱን ጩኸት ማቆም ያለብህ አንተ ነህ። አሥር ጊዜ የውሸት እሳት ያሳየኸው ሰው በአሥራ አንደኛው እሳቱ እውነት ሲሆን ሐሰት ነው ብሎ ያልፍሃል። ይህ ለበዳዮች ትልቅ ስጦታ ነው። ሳያጣራ የሚለጥፍ ወንድም ሳያውቀው የበዳይ ጠበቃ ሆኖ ይቆማል።

አላህ በሱረቱ ኒሳእ (4፥83) የጸጥታም ሆነ የፍርሃት ወሬ ሲደርሳቸው ወዲያው የሚያናፍሱ ሰዎችን ወቅሷል፤ ወደ መልእክተኛውና ወደ ኃላፊዎች ቢመልሱት ኖሮ ነገሩን መርምረው የሚያወጡት ያውቁት ነበር ብሏል። ወሬው ውሸት ነው አላለም፤ እውነትም ቢሆን ቦታ አለው። በሱረቱል ሑጁራት (49፥6) ደግሞ አመፀኛ ወሬ ይዞ ቢመጣ አጣሩ ተብለናል፤ ሳታውቁ ሰዎችን ጎድታችሁ እንዳትጸጸቱ። የሰማውን ሁሉ የሚያወራ ሰው ውሸታም ለመሆን ይህ ብቻ እንደሚበቃውም ነቢያችን አስተምረዋል።

ዙበይር በኛ አገር ወንዝ ላይ

ማጣራት ፈሪነት ነው የሚል ካለ ይህን ይስማ። ሰሓቦች ወደ ሐበሻ ተሰደው በነጃሺ ጥላ ሥር ሳሉ አንድ ሰው ንግሥናውን ሊቀማው ተነሣበት። ይህን የምትተርከው እናታችን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናት፤ ኢብን ሒሻም በሲራው ጽፎታል። ሰሓቦቹ በጣም ተጨነቁ፤ ያ ሰው ቢያሸንፍ እንደ ነጃሺ መብታቸውን አያውቅላቸውም። በሁለቱ ጦሮች መካከልና በእነሱ መካከል ግን ትልቁ ወንዝ፣ ዐባይ ነበር። ሄዶ አይቶ ወሬውን የሚያመጣልን ማን ነው ተባባሉ። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም እኔ አለ። ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ እሱ ነበር። አቅማዳ ነፉለት፤ ደረቱ ሥር አድርጎ ወንዙን ዋኘ፤ ጦርነቱ ያለበት ደረሰ፤ በዓይኑ አየ። የቀሩት ደግሞ ለነጃሺ ዱዓ እያደረጉ ቆዩ። ዙበይርም ልብሱን እያውለበለበ እየሮጠ ተመለሰ፤ ነጃሺ አሸነፈ አላቸው። ኡሙ ሰለማ እንደዚያን ቀን ተደስተን አናውቅም ብላለች።

አስተውሉት። ወጣቱ ዳር ቆሞ ወሬ አላቀበለም፤ ወንዝ ዋኝቶ አይቶ መጣ። ሌሎቹ ወሬው እስኪመጣ ግምት አልነዙም፤ ዱዓ አደረጉ። የዚህ አገር ሙስሊም ወጣት አርአያ የሚፈልግ ከሆነ ይኸውለት፤ ያውም እዚሁ አገር የሆነ።

መዲና ላይም አንድ ሌሊት ድንጋጤ ሆነ። ሰዎች ድምፅ ወደተሰማበት ሲሮጡ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቀድመው ሄደው አጣርተው በመመለስ ላይ ሳሉ አገኟቸው፤ በአቡ ጠልሓ ኮርቻ አልባ ፈረስ ላይ ነበሩ፣ ሰይፋቸው አንገታቸው ላይ። አትፍሩ፣ አትፍሩ እያሏቸው ነበር። ከሁሉ ቀድመው ወደ አደጋው የሄዱ እሳቸው ናቸው፤ ሰውን ያረጋጉም እሳቸው ናቸው። የኛ ዘመን ጠባቂ ግን ወደ አደጋው አይሄድም፤ ከቤቱ ሆኖ ፍሩ፣ ፍሩ ይላል።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ አንድ ነገር ልታጋራ ስትል ጣትህን አቁምና ራስህን ጠይቅ። እኔ ቢላል ነኝ፣ በዓይኔ አይቻለሁ? ካልሆነ ኢብን ኡሚ መክቱም ነኝ፣ ካየ ሰው አረጋግጫለሁ? እዚያ ከተማ የምታውቀው ሰው ካለ ደውል፤ የመስጂዱን ኮሚቴ ጠይቅ፤ ፎቶው የመቼ እንደሆነ ፈልግ። እውነት ከሆነስ፣ ሰው ሰምቶት የሚያደርገው በጎ ነገር አለ ወይስ ይበግናል ብቻ? እንደ ረምላ ሰዎች ቀለበት የሚወልቅበት ከሆነ ጩኸህ ተናገር። ለመበገን ብቻ ከሆነ ዱዓ አድርግና ለሚመለከተው ንገር። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላሉ አባቶች፤ አንድ ሌሊት ብትታገሥ የሚያመልጥህ ላይክ ብቻ ነው።

ጠባቂው የተኛ ሌሊት

ጠባቂም ሰው ነው። ከኸይበር ሲመለሱ ነቢያችን ሌሊቱን እንዲጠብቅላቸው ያዘዙት ቢላልን ነበር። ሲሰግድ ቆየ፤ ሊነጋ ሲል ወደ ንጋቱ አቅጣጫ ፊቱን አዙሮ ግመሉን ተደገፈ፤ እንቅልፍ ጣለው። ፀሐይ እስክትሞቃቸው አንድም የነቃ አልነበረም። ነቢያችን ሲጠይቁት እርስዎን የያዘ ነው እኔንም የያዘኝ አለ። አልተሰደበም፤ ከሙአዚንነቱም አልተነሣም። ጥቂት ተጉዘው ውዱእ አደረጉ፤ ቢላልን ኢቃማ አዘዙት፤ ሰገዱ። የተሳሳተ ጠባቂ የሚድነው ተነሥቶ ኢቃማ ሲያደርግ ነው። የውሸት ወሬ ያጋራህ ወንድም፣ ዝም ብለህ አታጥፋው፤ ስህተት ነበር ብለህ በዚያው ገጽ ጻፍ። እውነተኛ ሰው መሆንህ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

ለሁላችን የሚበቃ ሪባጥ

በመጨረሻ፣ የሙነስቲር ማማ ላይ ለመውጣት ቱኒዚያ መሄድ አያስፈልግም። ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሦስት ነገር ዘርዝረው ሪባጥ ማለት ይህ ነው ብለዋል፦ ውዱእን ምቾት በሌለበት ጊዜ አሟልቶ ማድረግ፣ ወደ መስጂድ እርምጃ ማብዛት፣ ከአንድ ሶላት በኋላ ሌላውን ሶላት መጠበቅ። ሰኔ ላይ በብርድ ውኃ እጁን የሚታጠብ፣ በጭቃ የሚሄድ፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ጥጉን ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ሙራቢጥ ነው። ራሱን ያልጠበቀ ሰው ኡማ አይጠብቅም። የሱሳ ሰዎች ሌሊት ማማ ላይ የቆሙት ቀን መስገጃው ውስጥ ስለተቀመጡ ነው፤ ሱብሒ የሚያልፈው ልጅ ሌሊቱን ሁሉ ስለ ኡማው ሲጽፍ ቢያድር ማማው መሠረት የለውም።

በመግሪብና በዒሻ መካከል ስልክህን ኪስህ ውስጥ ተወው። ያቺ አንድ ሰዓት ማማህ ትሁን። ከዚያ የምታየው ንጋት ይጠራልሃል።

አላህ ሆይ፣ ዓይኖቻችንን አንተን ፈርታ ካለቀሰችና በመንገድህ ነቅታ ካደረች ዓይን አድርግልን። ሳናይ ከመጮህ፣ አይተንም ዝም ከማለት ጠብቀን። የታሰሩትን ፍታ፣ የተፈናቀሉትን መልስ፣ አገራችንን ሰላም አድርግልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።